«እኔ ምን ታሪክ አለኝ?» ለሚሉ ጎረቤቶች

የቀረበልኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦

«ጡረታ የወጣሁ የአማርኛ መምህርት ነኝ። ካዛንቺስ ሳለን ጎረቤቶቼና እኔ አንድ እድር ነበርን። ሰፈሩ ሲነሳ ተበታተንን። ገላን ጉራ የገባ አለ፣ ሌላ ቦታ የተከራየም አለ። በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ አራት ኪሎ እየተገናኘን የየራሳችንን ታሪክ እንጻፍ አልኳቸው። አሥር ሰው መጣ። ግን ሁሉም ‹እኔ ምን ታሪክ አለኝ› ይሉኛል። የሚጽፉትም ሦስት አራት መስመር ነው፤ እንደ ማመልከቻ የደረቀ። አንዲት እናት ደግሞ ስለሞተው ልጃቸው ጀምረው አልቅሰው ወጡ፤ አልተመለሱም። የበደልኳቸው መሰለኝ። ልቀጥል ወይስ ልተወው?»

መምህርት፣ እባክዎ አይተዉት።

እኔ ፒያሳ አካባቢ ቅዳሜ ጠዋት የግለ ታሪክ ዎርክሾፕ ስመራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ደብዳቤዎን ሳነብ የራሴ የመጀመሪያ ዓመት ታየኝ። ያኔ አሥራ አንድ ሰው መጥቶልኝ ነበር። ገና በመጀመሪያው ቀን «በሚቀጥለው ሳምንት የሕይወት ታሪካችሁን ጽፋችሁ ኑ» አልኩ። የተመለሱት አራት ናቸው። ሰባቱ የቀሩት ሰንፈው አልነበረም። ያሸከምኳቸው ነገር ከብዷቸው ነው።

ደግሞ ይህንን ልብ ይበሉ። ከገላን ጉራ አራት ኪሎ ለመምጣት ስንት ታክሲ እንደሚቀየር ያውቁታል። የሚናገረው የሌለው ሰው ቅዳሜ ጠዋት ለዚያ ከቤቱ አይወጣም።

ችግሩ ቃሉ ላይ ይመስለኛል። እኛ «ታሪክ» ስንል ዓድዋ ነው የሚመጣብን። ንጉሥ፣ ጦርነት፣ አዋጅ። መጽሐፍ ሆኖ የወጣው ግለ ታሪክም ባብዛኛው የመኳንንት፣ የሚኒስትርና የጦር መኮንን ነው። ዕድሜ ልካቸውን እንጀራ ሸጠው ልጆች ያሳደጉ ሴት «ታሪክዎን ይጻፉ» ሲባሉ ይደነግጣሉ። «እኔ ምን ታሪክ አለኝ» ማለታቸው ትሕትና ብቻ አይደለም። ቃሉን እንደሚያውቁት ተረድተውታል።

ስለዚህ ቃሉን ከክፍሉ ያውጡት። «እስቲ ያጫውቱኝ» ይበሉ። ጨዋታ እንደ ታሪክ አያስፈራም። ስለ ሰፈሩ፣ ስለ ሠርጉ፣ ስለ ጎረቤቱ ሲጫወት የኖረ ሰው ነው ፊትዎ የተቀመጠው።

የሚጠይቁትም ትንሽ ነገር ይሁን። «ስለ ልጅነትዎ» በጣም ሰፊ ነው፤ ሰው ከየት እንደሚገባበት አያውቅም። ሾፌር የነበሩ አንድ አባት ሁለት ሳምንት ሙሉ ባዶ ደብተር ይዘው ተቀመጡብኝ። በሦስተኛው ሳምንት «የግቢያችሁ ቧንቧ የት ነበር?» አልኳቸው። «ከበሩ በስተግራ» አሉኝ። «ቁልፉስ በማን እጅ ነበር?» ስል ቀና ብለው አዩኝ፤ ከዚያ መጻፍ ጀመሩ። ሁለት ገጽ ሞላ።

ቁልፉ በአከራያቸው እጅ ነበር። ሴትዮዋ ጠዋት ይከፍታሉ፣ ማታ ይቆልፋሉ። ከዚያ በሐምሌ 1967 የትርፍ ቤት አዋጅ መጣ። ተከራዮቹ ሁሉ የቀበሌ ተከራይ ሆኑ። ለአከራይቱ አንድ ቤት ቀረላቸው። በገዛ ግቢያቸው እንደማንም ጎረቤት ሆኑ ማለት ነው። የቧንቧውን ቁልፍ ግን ማንም አልጠየቃቸውም። የሾፌሩ እናት እስከ መጨረሻው ድረስ ጠዋት ጠዋት ባልዲ ይዘው በራቸው ላይ ይቆሙ ነበር። «እትዬ፣ ውኃ ይክፈቱልን» ይላሉ። አዋጁ ከወጣ ስንት ዓመቱ ሆኖ!

እኔ «ስለ አብዮቱ ይጻፉልኝ» ብያቸው ቢሆን ይህንን አላገኘውም ነበር። ምናልባት ከትምህርት ቤት መጽሐፍ የምናውቀውን መልሰው ይነግሩኝ ነበር።

ለእርስዎ ሰዎች የግቢ ካርታ ማሣል በጣም ይሆናል። በ2017 ካዛንቺስ ሲነሳ ቤቱ ብቻ አይደለም የሄደው። ማድ ቤቱ የት ጋ እንደነበር፣ የማን በር ወደ ማን በር እንደሚያይ፣ ዶሮ የሚታረድበት ጥግ፣ ሕፃን የሚታጠብበት ድንጋይ፣ ይህ ሁሉ አሁን ያለው በእነሱ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ትልቅ ወረቀት ይስጧቸው። ግቢውን ይሣሉ። በየቤቱ ላይ የነዋሪውን ስም ይጻፉ፤ ግቢው ውስጥ ይጠሩበት በነበረው ስም። የሰፈሩን ስም እንኳ ይመልከቱ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራ ኢንቺስ የሚባል ተቋም ነበራቸው። «ካዛ» ቤት ነው። ካዛ ኢንቺስ በእኛ አፍ ካዛንቺስ ሆነ። በየግቢው ውስጥም እንዲህ ያለ ስም ሞልቷል። «የጥግ ቤት»፣ «የጠላ ቤቷ ጓሮ»፣ «ወታደሩ ጋ»። ሠሪዎቹ የተረሱ ስሞች ናቸው። እያንዳንዳቸው ሲጠየቁ ግማሽ ገጽ ይወጣቸዋል።

አንድ ግቢ የኖሩ ሁለት ሰዎች ካሉ ካርታቸው አይገጥምም። «አይ፣ ሽንት ቤቱ በዚህ ነው» ይባባላሉ። አያስታርቋቸው። ሁለቱም ካርታ ይቀመጥ።

አሁን ወደ ማመልከቻው ልምጣ። «እንደ ማመልከቻ የደረቀ» ያሉት ልክ ነው፤ ከምንጩ ያገኙት። አብዛኞቹ ጎረቤቶችዎ በሕይወታቸው ስለራሳቸው የጻፉት ነገር ቢኖር ማመልከቻ ነው። የቤት ጥገና ይፈቀድልኝ። ውኃ ይግባልኝ። ልጄ ይመዝገብልኝ። እሱንም ቢሆን ብዙዎቹ ራሳቸው አልጻፉትም፤ ፍርድ ቤት ደጃፍ የተቀመጠ ራፖር ጸሐፊ ነው የጻፈላቸው። ስለዚህ እስክሪብቶ ሲይዙ እጃቸው ወደዚያ ይሄዳል። «እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ግለሰብ በቀድሞው አጠራር በሸዋ ክፍለ ሀገር ተወልጄ ያደግሁ ስሆን» ብለው ይጀምራሉ። ሲያወሩ ሰው የሚያስቁ፣ ሰው የሚያስለቅሱ ሰዎች ወረቀት ላይ ባለጉዳይ ይሆናሉ።

ይህንን ለመስበር ብዙ ሞክሬአለሁ። «እንደምታወሩት ጻፉ» ማለት አልሠራም። ሰው ሲጽፍ አነጋገሩ መታረም ያለበት ይመስለዋል፤ እንዲያ ነው የተማርነው። የሠራልኝ ደብዳቤ ነው። በእነሱ ዘመን ከማመልከቻ ሌላ ሁሉም የሚያውቀው አንድ የጽሑፍ ዓይነት ነበር። «ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከናፍቆትህ በስተቀር በጣም ደህና ነኝ።» አንድ ቅዳሜ ይህቺን ሰሌዳው ላይ ጻፍኳት። ከሥሯ ምንም አልጨመርኩም። «ለአንድ ሰው ጻፉ፤ ስሙን ከላይ አድርጉት» ብቻ አልኩ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። አንዲት እናት አሜሪካ ላለች ልጃቸው ጻፉ። ልጃቸው ስትሄድ ኤርፖርት ያልነገሯትን ነገር ነው የጻፉት። አንድ አባት በ1970 ለተለያቸው የሰፈር ጓደኛ ጻፉ፤ ይኑር ይሙት አያውቁም። ሁለቱም ደብዳቤ ውስጥ «ከላይ የተጠቀሰው» የሚባል ነገር የለም። ናፍቆት ያለበት ዓረፍተ ነገር ራሱ ሰውየውን ወደ አነጋገሩ ይመልሰዋል። ጽሑፉ ካለቀ በኋላ የላይኛውን ሦስት አራት መስመር ሰላምታ ያነሡታል። የቀረው ግለ ታሪክ ነው። አንዳንዱ ግን ሰላምታው ይቆይልኝ ይላል። ይቆይለት።

መጻፍ የሚያደክማቸው ካሉ አያስገድዱ። በ1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ያስቆጠራቸው እናቶች አሉ። ያነባሉ፤ ለመጻፍ ግን እጃቸው አልለመደም። ስልክ ይቅዳላቸው፣ የልጅ ልጅ ይገልብጥ። የሚገለብጠው ልጅ ግን አያሳምር። «እንትን» ካሉ «እንትን» ይጻፍ። ሲጨርስ ጮክ ብሎ ያንብብላቸው። «እንዲህ አላልኩም» ካሉ ትክክሏ እሳቸው ናቸው።

ይቅርታዎን እየጠየቅኩ ስለ ቀይ እስክሪብቶ አንድ ነገር ልበል። የሀ፣ የሐ እና የኀ ነገር፣ የሰ እና የሠ ነገር የዕድሜ ልክ ሥራዎ እንደነበር ይገባኛል። እኔም ቦታውን ያልሳተ ፊደል ደስ ይለኛል። ግን እስከ መጨረሻው ረቂቅ ድረስ አይንኩት። ሽማግሌ ሰው ወረቀቱ በቀይ ተዥጎርጉሮ ከተመለሰለት በሚቀጥለው ቅዳሜ እግሬን አመመኝ ይላል። አንባቢ ዘንድ የሚደርሰውን ቅጂ ያኔ ቁጭ ብለው ያርሙታል፤ ከእርስዎ የተሻለ የሚያርመውም የለም።

ተነቦ ሲያልቅ የሚባለው ነገርም ደንብ ይፈልጋል። እኔ ጋ ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚፈቀደው። አንዱ «ጆሮዬ ላይ የቀረው ይህ ነው» ማለት ነው። ሌላው «ይህንን ደግሞ ጨምረው ቢነግሩኝ እወድ ነበር» ማለት ነው። ምክር የለም። «አይዞዎት፣ ይርሱት» የለም። ከሁሉ የሚጎዳው «ይሄ ምን አለው፣ የኔን ብትሰሙ» የሚለው ነው። በመጀመሪያው ቀን በግልጽ ይናገሩት። እንግዲህ ያንን የሚል ሰው ክፉ አይደለም፤ የራሱ ተራ እስኪደርስ መታገሥ አቅቶት ነው። ተራው መቼ እንደሆነ ይንገሩት።

ሌላው የሚያደርቀው «ብዙ መከራ አየሁ፤ ተመስገን፣ ለዚህ በቃሁ» የሚለው ነው። ተመስገን ማለታቸው ከልብ ነው። እምነታቸው ነው፣ ማንም ሊነካባቸው አይገባም። ግን ከተመስገን በኋላ ወሬ አይቀጥልም። ቃሉ ይዘጋዋል። እኔ «ተመስገንን ወደ ገጹ መጨረሻ እናውርደው፤ እስከዚያ ያለውን ባዶ ይሙሉልኝ» እላለሁ። ከዚያ «ብዙ መከራ» የሚለውን ይዤ አንድ ቀን ብቻ እጠይቃለሁ። ጠዋት ነበር? በሩን ማን አንኳኳ? ምሳ ተበልቶ ነበር? ይህቺ የምሳ ጥያቄ የምታመጣው ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። አንዲት ሴት «ብዙ መከራ» ብለው ያለፉትን ነገር እንደገና ሲጽፉት እንዲህ ሆነ፦ «ሽሮው ተጥዶ ነበር። ሰዎቹ አባቴን ይዘው ወጡ። ድስቱ ሲያር ሸተተኝ። ማንም ተነስቶ አላወጣውም።» ሌላ ምንም አልጨመሩም። ክፍሉ ውስጥ የተነፈሰ ሰው አልነበረም።

ቡና ይፈላ መባሉ አይቀርም። ይፈላ፣ ግን ከጽሑፉ በኋላ። ይህንን በስህተት ነው የተማርኩት። ቡና ከቀደመ ጨዋታው ይደምቃል፣ ሰው ሁሉ ያወራል፣ ይስቃል። ደብተር ሲከፈት ግን ነገሩ ወጥቶ አልቋል። አንዴ በደንብ ያወሩትን ወዲያው መልሶ መጻፍ ይከብዳል። መጀመሪያ ሃያ ደቂቃ ይጻፉ። ከዚያ የፈለገ ያንብብ። ሲኒው የሚቀርበው ያኔ ነው።

ስለ አክብሮት የሚጠይቅዎ ይኖራል። «እናቴ አለች ልበል ወይስ አሉ?» ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። «አሉ» ሲባል እናትየዋ ከበር ላይ ቆመው ይታያሉ። «አለች» ሲባል ጉልበቷ ላይ ተቀምጠናል። የኔ መልስ ቤት ውስጥ እንደሚጠሯቸው ይጻፉ ነው። «አንቺ» ይሏት ከነበረ «አለች»። «እታባ» ይሏት ከነበረ «እናቴ» የሚለውን ትተው «እታባ» ይበሉ። አንባቢ በሁለተኛው ገጽ ይለምደዋል። አንድ ተሳታፊ አባታቸውን እስከ መሞቻቸው ድረስ «አሉ» እያሉ ጽፈው፣ ሬሳ የሚታጠብበት ገጽ ላይ «አባቴ ቀጭን ነበር» አሉ። ሳያስቡት ነው የወጣቸው። እንዲታረም አልፈቀድኩም።

ዓመተ ምሕረት አይጠይቁ። «መቼ ነበር?» ሲባል ሰው ይፈራል፣ ይሳሳታል፣ አፍሮ ይተወዋል። «ንጉሡ ወርደው ነበር?» ይበሉ። መስከረም 1967 ነው። «የትርፍ ቤት አዋጅ ወጥቷል?» «የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀምሯል?» «ኢሕአዴግ ገብቷል?» ግንቦት 20፣ 1983። በእነዚህ መሀል እያስገቡ ዓመቱን እርስዎ በእርሳስ ዳር ላይ ይጻፉት። ደግሞ የቤት ውስጥ ወረቀት ይዘው እንዲመጡ ይንገሯቸው። የእድር ደብተር፣ የኪራይ ካርኒ፣ ከጀርባው ቀን የተጻፈበት ፎቶ። ሰፈር ሲለቀቅ ብዙ ሰው ዕቃ ትቶ ካርኒ ይዞ ነው የወጣው።

እውነትና ትዝታ ሲጋጩ ምን ላድርግ ለሚለው አንድ ርዕስ ይጠቅመኛል። የልዑል ራስ እምሩ ማስታወሻ «ካየሁት ከማስታውሰው» ይባላል። ርዕሱ ራሱ ደንብ ነው። ያየሁትን ነው፣ ከእሱም የማስታውሰውን ያህል ነው የምነግራችሁ እንደማለት። እኔ ጋ ሰዎች ረቂቃቸው ዳር ላይ ሦስት ቃል ይጽፋሉ፦ አየሁ፣ ሰማሁ፣ ይመስለኛል። የተምታታውን ሁሉ ይለያል። በተለይ የቀይ ሽብር ነገር ሲነሳ ያስፈልግዎታል። «እገሌ ነው ያስያዘው» የሚለው ዓረፍተ ነገር አየሁ ነው ወይስ ሰማሁ? የእገሌ የልጅ ልጅ ዛሬ በዚያው እድር ውስጥ ሊሆን ይችላል። ስም ማጥፋትም በ1996 በወጣው የወንጀል ሕግ የሚያስጠይቅ ነው። ከልባቸው ካለ ይጻፉት፣ ለራሳቸው ደብተር። ክፍል ውስጥ ግን ስም ሳይጠራ ይነበብ።

ገበናም እንዲሁ ነው። ሰው የቤቱን ጉድ አደባባይ ላይ አታውጣ ተብሎ ያደገ ነው። በአንድ ቅዳሜ አይፈታም፣ ሊፈታም አይገባም። ደብተሩ የጸሐፊው ነው፤ ማንም አይነካም። በስልክ ፎቶ አይነሳም። ቴሌግራም ላይ አይለጠፍም። ማንበብ ግዴታ አይደለም። «ዛሬ አላነብም» ያለ ሰው ለምን አይባልም። ይህንን በየቅዳሜው መጀመሪያ ይድገሙት። መጀመሪያ መጻፍ ነው፤ ማን ያንብበው የሚለው በኋላ ይወሰናል። ማተም እንኳ ቢመጣ አራት ኪሎ ወይም ስድስት ኪሎ ፎቶ ኮፒ ቤት አሥር ኮፒ አስጠርዘው ለቤተሰብ ማደል በቂ ነው። መጽሐፍ መሆን የሚችለው ራሱን ያስታውቃል።

አሁን ወደ እናትየዋ። ሆን ብዬ ለመጨረሻ ያቆየኋቸው ናቸው።

አልበደሏቸውም። ግን ብቻቸውን እንዲወጡ መተዉ ልክ አልነበረም፤ ይህንን እርስዎም የሚያውቁት ይመስለኛል፣ ለዚህም ነው የጻፉልኝ። ጄምስ ፔንቤከር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አንድ ጥናት አደረገ። ተማሪዎችን ለአራት ተከታታይ ቀናት በየቀኑ 15 ደቂቃ ስለ ከባድ ገጠመኛቸው አስጻፋቸው። ከፊሎቹ የሆነውንም የተሰማቸውንም አብረው ጻፉ። እነዚህ ጽፈው ሲነሱ ስሜታቸው ከፍቶ ነበር። በቀጣዮቹ ወራት ግን ወደ ሐኪም የሚሄዱበት ጊዜ ከሌሎቹ ያነሰ ሆነ። ለእኛ የሚጠቅመው የመጀመሪያው ግማሽ ነው። ጽፎ የተነሳ ሰው በዚያ ሰዓት የሚብሰው ያለ ነገር ነው። ስለዚህ ከባድ ነገር የጻፈ ሰው ከክፍሉ ወጥቶ ብቻውን ታክሲ መጠበቅ የለበትም። አጠገቡ የሚቀመጥ፣ እስከ ፌርማታ የሚሸኘው አንድ ሰው አስቀድመው ይመድቡ።

አንዳንዱ ሐዘን ደግሞ ከእኛ ክፍል በላይ ነው። እንቅልፍ ያጣ፣ መብላት ያቆመ፣ መኖር አልፈልግም የሚል ሰው የሚያስፈልገው ሐኪም ነው። ደብተር አይተካውም። ያንን ካዩ ለቤተሰባቸው ይናገሩ፣ አብረው ይሂዱ።

እናትየዋ ግን ምናልባት ያፈሩት በማልቀሳቸው ነው። ሰው ፊት ተሰበርኩ ብለው። ስልክ አይደውሉ። ይሂዱና ይጠይቋቸው። ለቅሶ ቤት እንደሚኬድ ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፣ ዳቦም ቢሆን ያዙ። ስለ ጽሑፉ አያንሱ። ስለ ልጃቸው አሟሟትም አይጠይቁ። ወሬ ከተነሳ፣ ምን መብላት ይወድ እንደነበር ይጠይቁ። ትተውት የሄዱትን ደብተር በቦርሳዎ ይዘው ይሂዱ። እሳቸው ካልጠየቁ አያውጡት።